የተደበቀው ብልጭታ፦ የስክሪን መርገብገብ ታሪክ ከቴሌቪዥን እስከ ላፕቶፕ



የታሪክ ንግግር ሲባል አድማጭ የሚጠብቀው ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ድንበር ነው። እኔ ዛሬ የማወሳው ግን አብዛኞቻችሁ በቦርሳችሁ ይዛችሁት ስለምትዞሩት ዕቃ ነው፤ ስለ ላፕቶፕ ስክሪን፣ በተለይም ስለ መርገብገቡ። ርእሱ ለጥገና ባለሙያ እንጂ ለታሪክ አጥኚ የሚመጥን አይመስልም። እኔ ግን ጥገናው የሚሳሳተው ታሪኩ ስለማይታወቅ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ንግግሬም ይህን ለማስረዳት የሚሞክር ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ቀላል የማይሆንበት ምክንያት አለ። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቴፒ ደግሞ ከዚያም ትርቃለች። የላፕቶፕ ስክሪን የተበላሸበት ተማሪ መለዋወጫውን የሚያገኘው ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ነው። ገንዘቡን ከቤተሰብ ይለምናል፤ ቤተሰቡም ቡና እስኪሸጥ ጠብቁን ሊሉት ይችላሉ። ፓነሉ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፤ ይገጠማል፤ ላፕቶፑ ይበራል፤ ስክሪኑም እንደገና ይርገበገባል። ጥፋቱ ከመጀመሪያውም የፓነሉ አልነበረም፤ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ግን አልፏል። ይህን ዓይነት ነገር አንዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ብዬ አልፈው ነበር፤ ደጋግሜ ስላየሁት ግን የእውቀት ጉድለት እንደሆነ ተረዳሁ።

ጉድለቱ ከቃል ይጀምራል። እኛ በቴክኒክ ቋንቋ «ፍሊከር» የምትለዋን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይዘን ሁሉንም ችግር በእርሷ እንጠራለን። አማርኛ ግን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣ «ይርገበገባል» ካለ፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ በፍጥነት እንደ ክንፍ ይመታል ማለቱ ነው። «ብልጭ ድርግም ይላል» ካለ፣ ፈጽሞ ጠፍቶ ይመለሳል ማለት ነው። «ይንቀጠቀጣል» ካለ፣ የሚንቀሳቀሰው ብርሃኑ ሳይሆን ምስሉ ነው። «ይዋዥቃል» ካለ ደግሞ ድምቀቱ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። እነዚህ አራት ቃላት አራት የተለያዩ ምክንያቶችን ያመለክታሉ ብዬ እከራከራለሁ። ጠጋኙ አራቱንም ወደ አንድ የውጭ ቃል ሲያጠቃልላቸው፣ ተማሪው በአፉ የሰጠውን ማስረጃ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። የውጭውን ዘመን በምጠቅስበት ጊዜ እ.ኤ.አ. እላለሁ፤ የአገራችንን ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር።

ማንኛውም ሰው ሠራሽ ብርሃን ይብዛም ይነስም ይዋልላል። በኩራዝ ያነበበ ሰው ይህን ያውቃል፤ ነፋስ በገባ ቁጥር ፊደሉ ከገጹ ላይ የሚነሣ ይመስላል። የሳይንሱ ጥያቄ ብርሃኑ ይዋልላል ወይ የሚል አልነበረም፤ ዓይን መዋለሉን ማየት የሚያቆመው መቼ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1834 እንግሊዛዊው ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በበቂ ፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ለዓይን እንደ አማካዩ ድምቀት ያለ ቋሚ ብርሃን ሆኖ እንደሚታይ አመለከተ፤ ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ፕላቶም ይህንኑ አጠናከረ። ሕጉ እስከ ዛሬ በሁለቱ ሰዎች ስም ይጠራል። ቀጥሎ ፌሪ በ1892፣ ፖርተር በ1902 እ.ኤ.አ. ብርሃኑ በደመቀ መጠን መርገብገቡን ለመሰወር የሚያስፈልገው ፍጥነት እንደሚጨምር አሳዩ። በደብዛዛ ብርሃን የማይታይ መርገብገብ በደማቁ ይታያል፤ በቀጥታ ሲመለከቱት የማይታየው ደግሞ በዓይን ጠርዝ ይታያል።

እነዚህን ሁለት ግኝቶች አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ የመጣው የስክሪን ታሪክ በሙሉ የተመሠረተው በእነርሱ ላይ ነው። መሐንዲሶች ባለፉት መቶ ዓመታት ብልጭታን አላጠፉትም፤ ደበቁት። የደበቁትም በታልቦት ሕግ ነው። እያንዳንዱ የስክሪን ዓይነት አዲስ መደበቂያ ነው፤ ብልሽት የምንለውም ብዙውን ጊዜ መደበቂያው ሲገለጥ ነው።

ሲኒማ የመጀመሪያው ዘዴኛ ነበር። በሰከንድ 24 ምስል ብቻ ስለሚያሳይ፣ በዚያ ፍጥነት ቢተው ዓይን ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ከመብራቱ ፊት የሚዞረው መከለያ እያንዳንዱን ምስል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲቆራርጠው ተደረገ፤ ብልጭታው በሰከንድ 48 ወይም 72 ሆነ። መርገብገቡን የቀነሱት ብልጭታ በመጨመር መሆኑን ልብ ይሏል።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የመጣው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ውስጥ ነበር። ሥርዓቱ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ያለው የአውሮፓ ሥርዓት ነው። 25 በጣም አነስተኛ ስለሆነ እያንዳንዱ ምስል ለሁለት ይከፈላል፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹ ይሳላሉ፤ ድምሩ በሰከንድ 50 ነው። ለምን 50 ሆነ? የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ሄርዝ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ዘመን የኤሌክትሪኩ ሞገድ ወደ ምስሉ ይገባ ነበር፤ የምስሉ ፍጥነት ከመስመሩ ጋር እኩል ከሆነ ግን ጥላው አንድ ቦታ ቆሞ ይቀራልና ዓይን አይረብሽም። አሜሪካኖች መስመራቸው 60 ሄርዝ ስለሆነ 60ን መረጡ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክም ቴሌቪዥንም 50 ሆነው ስለተጋጠሙ ይህ መደበቂያ ለእኛም ሠራ፤ ዋጋው ግን ነበረ። በአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰሞን ባለቀለም ሥርጭት ሲመጣና ስክሪኖች እየደመቁ ሲሄዱ፣ የፌሪና የፖርተር ሕግ እንደሚለው 50 አልበቃ እያለ መጣ። ከቴሌቪዥን ፊት ብዙ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ዓይኑን ያሸው የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረውን ከእናንተ መካከል መምህር የሆኑት በደንብ ያስታውሱታል፤ «ፕላዝማ»ን። ከ1996/97 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ የፕላዝማ ስክሪን ተሰቀለ፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም በሳተላይት መሰጠት ጀመሩ። ቃሉ በአማርኛ የስክሪን ዓይነት ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ትውልድ የትምህርት ሥርዓት ስም ሆነ። «እኔ የፕላዝማ ተማሪ ነኝ» የሚል ሰው ስለ ጋዝ ፊዚክስ እያወራ አይደለም። ፕሮግራሙ ፈጣን ነው፣ አይጠየቅም፣ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አምልጧል የሚሉ ወቀሳዎች በጊዜው ብዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹም እውነት ነበሩ።

ለእኛ ርእስ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። የፕላዝማ ስክሪን የተፈለሰፈው ለትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተከፈተበት በዚያው ዓመት፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎታውና ተማሪያቸው ሮበርት ዊልሰን ፕላቶ ለተባለው የኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ሠሩት። ፍላጎታቸው ምን ነበር? የቴሌቪዥን ዓይነቱ ቱቦ ምስሉ እንዳይጠፋ ያለማቋረጥ እንደገና መሳል ነበረበት፤ ምስሉን የሚያስታውስ የኮምፒውተር ማኅደር ደግሞ በዚያ ዘመን ውድ ነበር። የእነርሱ ፓነል የበራችውን ነጥብ ራሱ ያስታውሳት ነበር፤ ድጋሚ መሳል አያስፈልገውም፤ ስለዚህም ምስሉ አይርገበገብም። ብርቱካንማና ጥቁር ብቻ ነበር፤ ግን የጸና ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ በክፍሎቻችን የተሰቀለው ባለቀለም ፕላዝማ ያንን ጸጋ ይዞ አልመጣም። እያንዳንዱ ነጥብ መብራት ወይም መጥፋት ብቻ ስለሚችል፣ መካከለኛ ቀለምን የሚሠራው በአንድ ምስል ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ በመብራትና በመጥፋት ነው። ቀለምን በብልጭታ ገዛው ማለት ይቻላል። ይህ ግብይት በላፕቶፕም ይጠብቀናል።

በቢሮና በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን ባለትልቅ ጀርባ ሞኒተሮች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከነሳጥናቸው በ60 ሄርዝ ተተክለው፣ ማንም ሳይነካቸው ዓመታት አገለገሉ። ከቅንብሩ ወደ 75 ወይም 85 መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ስንት ሰው ራስ ምታቱን ለቡና ማነስ እንደሰጠ እግዚአብሔር ይወቅ።

ላፕቶፕ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። የፈሳሽ ክሪስታል ታሪክ በ1888 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው የእጽዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ሁለት ጊዜ የሚቀልጥ የሚመስል ነገር ሲያገኝ ይጀምራል። በ1970 እና 71 የጠመዝማዛው ክሪስታል ስልት፣ ማለትም ዛሬም በርካሽ ላፕቶፖች ላይ የምናገኘው «ቲኤን» የሚባለው ተገኘ፤ በ1988 ሻርፕ ባለ14 ኢንች ባለቀለም ፓነል አሳየ። የዚህ ስክሪን አሠራር ከቀደሙት ሁሉ ይለያል። ክሪስታሉ ራሱ አያበራም፤ ከበስተጀርባው ላለ መብራት እንደ መጋረጃ ይከፈታል ይዘጋል እንጂ። መጋረጃው ደግሞ ቀጣዩ ትእዛዝ እስኪመጣ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዕይታ መርገብገብ የሚባል ነገር ከላፕቶፕ ጠፍቷል ተብሎ ነበር። አልጠፋም፤ ቢያንስ ሦስት አዳዲስ መደበቂያዎች አግኝቷል።

የመጀመሪያው ክሪስታሉ ውስጥ ነው። ፈሳሽ ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቮልቴጅ ከተጫነበት ይበላሻል፤ ስለዚህ በየምስሉ የቮልቴጁ አቅጣጫ ይገለበጣል። ሁለቱ አቅጣጫዎች ፍጹም እኩል ከሆኑ ዓይን አንዳች አያይም። ትንሽ ከተዛነፉ ግን በ60 ሄርዝ ፓነል ላይ በሰከንድ 30 ጊዜ የሚመታ መርገብገብ ይወለዳል። መሐንዲሶች ይህን የሚደብቁት ጎረቤት ነጥቦችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማንቀሳቀስ ነው፤ አንዱ ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዛል፤ ድምሩ ጸጥ ይላል። መደበቂያው የሚገለጠው እንደ ዳማ ገበታ አንዱ ነጥብ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ የሆነ ምስል ሲመጣ ነው። አንድ ዓይነት ምስል ላይ ብቻ የሚርገበገብና በሌላው ላይ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ስክሪን ካያችሁ፣ ይህ የፓነሉ የራሱ ባሕርይ ነው፤ ገመድ መቀየር አይፈውሰውም።

ሁለተኛው መደበቂያ የጀርባው መብራት ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ መብራት ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ በምታመነጭ ትንሽ ሰሌዳ ይነዳል። ሲያረጅ ወደ ቀይ ያዘነብላል፣ ቀስ እያለም ይደበዝዛል። ሰማያዊውን ኤልኢዲ እውን ያደረጉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ሥራ ነጭ ኤልኢዲን አስከተለ፤ እርሱም ቱቦውን ከላፕቶፕ አስወጣው። ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ግን ኤልኢዲ ሲጠፋ ወዲያው ይጠፋል። ቱቦው ሲጠፋ ጥቂት የሚዘገይ ፍካት ነበረው። ብርሃኑን ዝቅ ስታደርጉ ብዙ ላፕቶፖች ኤልኢዲውን አያደበዝዙትም፤ በሰከንድ 200 ጊዜ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ያበሩታል፣ ያጠፉታል፣ የጠፋበትንም ጊዜ ያረዝሙታል። ታልቦት በ1834 የተናገረው ነገር ማለት ነው። ብዙ ሰው አያየውም፤ አንዳንዱ ግን በማታ፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ሲያነብ ዓይኑ ይደክማል፣ ራሱን ያመዋል። ማረጋገጫው ነጻ ነው፦ በነጭ ገጽ ፊት እርሳስ በፍጥነት አወዛውዙ። ጥላው እንደ ተከፋፈለ ማራገቢያ ተነጣጥሎ ከታየና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ ስታደርጉ መነጣጠሉ ከጠፋ፣ መደበቂያው ተገኘ። የሚሻለውም ብርሃኑን ከፍ አድርጎ፣ ክፍሉንም አብርቶ ማንበብ ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ኤልኢዲ መርገብገብና ጤና መመሪያ ማውጣቱ ጉዳዩ የጥቂት ስስ ሰዎች ቅሬታ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሦስተኛው ከቀለም ጋር የተያያዘ ነው። ርካሹ ፓነል ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 64 ደረጃ ብቻ ነው ያለው፤ ድምሩ 262,144 ቀለም ነው። ማስታወቂያው ግን 16 ሚሊዮን ይላል። ልዩነቱን የሚሞላው ሁለት ጎረቤት ቀለማትን በየምስሉ በማፈራረቅ ነው፤ ዓይናችን መካከለኛውን ያያል። ፕላዝማው ያደረገውን አስታወሳችሁ?

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ «ይርገበገባል» በሚለው ቃል ሥር ነው። የቀሩት ሦስት ቃላት ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱናል።

«ብልጭ ድርግም» የገመድ ቃል ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ምስሉ ከዋናው ሰሌዳ ወደ ፓነሉ የሚሄደው ፀጉር በሚያካክሉ ሽቦዎች በኩል ማጠፊያውን አቋርጦ ነው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ገመዱ ይታጠፋል። በዚህ አካባቢ ሌላም ነገር ይጨመርበታል፤ የቴፒና የሚዛን አየር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው። ቡና አድራቂ ምርቱ እንዳይሻግት ስንት ጊዜ እንደሚያገላብጠው የሚያውቅ ሰው፣ ያው እርጥበት በገመዱ ጫፍ ባሉት ጥቃቅን መጋጠሚያዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅተውም። ስለዚህ ክዳኑን በዝግታ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ብልጭ ድርግሙ ከማጠፊያው ጋር ከመጣና ከሄደ፣ ፓነል አትግዙ። ስክሪኑ ፈጽሞ ከጨለመ ደግሞ የእጅ ባትሪ ወደ ጎን አዘንብላችሁ አብሩበት፤ ምስሉ በጭላንጭል ከታየ መጋረጃው ይሠራል፤ የሞተው የጀርባው መብራት ወይም ኃይል የሚያደርሰው ክፍል ነው።

«ይንቀጠቀጣል» አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን የሚያዘጋጀው አካል ቃል ነው። ላፕቶፑን ከክፍሉ ፕሮጀክተር ጋር አገናኙት። ግድግዳው ላይም ከተንቀጠቀጠ ፓነሉና ገመዱ ነጻ ናቸው፤ ግራፊክሱን ወይም ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚገኘው የቅንብር ገጽ ግቡ። እዚያ ጸጥ ካለ ጥፋቱ የሶፍትዌር ነው። በዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ሁሉም ሲንቀጠቀጥ እርሱ ብቻውን ጸንቶ ከቆመ ጥፋተኛው አንድ ፕሮግራም ነው፤ እርሱም አብሮ ከተንቀጠቀጠ ድራይቨሩ ነው። በሊኑክስ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ኃይል ለመቆጠብ ፓነሉ የመጨረሻውን ምስል ራሱ ይዞ እንዲቆይ የሚያደርገው ስልት በአንዳንድ የኢንቴል ግራፊክሶች ላይ ብልጭታ እንደሚፈጥር እወቁ፤ ስልቱን ማጥፋት ብቻውን ይበቃል። ይህ ስልት የቢትዘር ፓነል አሳብ በሌላ ልብስ መመለሱ ነው፤ ምስሉን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ራሱ ይሁን የሚል።

«ይዋዥቃል» የኤሌክትሪክ ቃል ነው፤ ግን እንደ ቴሌቪዥኑ ዘመን አይደለም። የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50ም ሆነ 60 ሄርዝ ይቀበላል፤ የመስመሩ ሞገድ ወደ ስክሪኑ አይደርስም። የሚደርሰው በተዘዋዋሪ ነው። ኃይሉ ሲወርድ ቻርጀሩ ይቋረጣል፤ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞሮ ለመቆጠብ ሲል ብርሃኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ያደርገዋል። ምሽት ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ ይህ በተደጋጋሚ ይሆናል፤ ባለቤቱም ስክሪኔ ሞተ ይላል። ቻርጀሩን ነቅሎ አሥር ደቂቃ በባትሪ መሥራት እውነቱን ያወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ፓነል ጥራት ልናገር፤ ምክንያቱም ፓነሉ በእርግጥ የተበላሸበት ሰው የሚገዛውን ማወቅ አለበት።

የቡና አገር ሰዎች ስለሆናችሁ ይህ አይከብዳችሁም። ቡና ደረጃ የሚወጣለት ከናሙናው እንከኑን ቆጥሮ፣ ጣዕሙንም ቀምሶ ነው። ፓነልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከአንድ ሚሊዮን ነጥብ ውስጥ ስንቱ ሁልጊዜ ቢበራ፣ ስንቱ ሁልጊዜ ቢጠፋ ይፈቀዳል የሚለውን በመደብ ከፈለው፤ አብዛኛው አምራች በተከተለው ሁለተኛው መደብ ሁለት የበሩና ሁለት የጠፉ ነጥቦች ይፈቀዳሉ። የተለመደው 1366 በ768 የሆነ ፓነል አንድ ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው። ስለዚህ አንዲት የሞተች ነጥብ ያለበት አዲስ ላፕቶፕ በአምራቹ ዓይን እንከን የለበትም። ነገር ግን እንከን መቁጠር ጣዕም መቅመስ አይደለም። ደረጃው ያን ጊዜም ሆነ በኋላ ተሻሽሎ ሲወጣ፣ ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት የሚያገኘውን ፓነል አይነግረውም። አንድ ዓይነት የሞዴል ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች አንዱ የኤልጂ፣ ሌላው የቢኦኢ ወይም የኤዩ ኦፕትሮኒክስ ፓነል ይዘው ይመጣሉ። አንደኛው ከጎን ሲታይ ቀለሙን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይገለበጣል።

ይህ ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ፣ «ኒያላ»ን፣ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር በ2007 ነው። ፊደሉ ወደ ኮምፒውተሩ ገባ፤ ስክሪኑ ግን ለላቲን ፊደል ተመጥኖ የተሠራ ነበር። በባለ15.6 ኢንች ተራ ፓነል ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 100 ነጥብ ገደማ ብቻ አለ። በ12 መጠን የተጻፈ ፊደል በ16 ነጥብ ቁመት ውስጥ መግባት አለበት። «ቡ» እና «ቢ» የሚለዩት ቅጥያቸው በወገብ ወይም በእግር በመሆኑ ነው፤ በዚያ ስክሪን ላይ ይህ ልዩነት የጥቂት ነጥቦች ጉዳይ ነው። «ቤ» ላይ ያለችው ቀለበት ደግሞ አንዳንዴ ተደፍና ነጠብጣብ ትሆናለች። ፓነሉ ቲኤን ከሆነና ከላይ ወደ ታች ከታየ ንጣቱ ጥቁሩን ይበላል። አማርኛ ጽሑፍ በላፕቶፕ ላይ ማረም ከእንግሊዝኛው ለምን የበለጠ እንደሚያደክም ለሚጠይቁኝ ተማሪዎች መልሴ ይህ ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የተሠራችው ኤክስኦ በ2000 እና 2001 ዓ.ም. አካባቢ በጥቂት ሺህ ቁጥር ወደ አዲስ አበባና ኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ገብታ ነበር። በፕሮጀክቱ ላይ ብዙ ትችት ቀርቧል፤ ስክሪኗ ግን ድንቅ ሥራ ነበር። ሜሪ ሉ ጄፕሰን የነደፈችው ይህ ባለ7.5 ኢንች ፓነል 1200 በ900 ነጥብ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 200 ነበረው። በጠራራ ፀሐይ የጀርባው መብራት ጠፍቶ በነጸብራቅ በጥቁርና ነጭ ይነበባል፤ መብራቱ ሲጠፋም የመብራቱ መርገብገብ አብሮ ይጠፋል። ፕሮሰሰሩ ሲያንቀላፋ ምስሉን ይዞ የሚቆይ የራሱ ቺፕ ነበረው። ለሕፃናት የተሠራው ርካሽ ላፕቶፕ ለፊደላችን ለትልልቆቹ ከሚሸጡት ብዙዎች የተሻለ ስክሪን እንደነበረው ብናገር የማጋነን አይመስለኝም። ገበያው ግን በዚያ መንገድ አልሄደም።

መለዋወጫ ለሚያስመጣ አንድ የታሪክ ነጥብ ልጨምር። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕቶፖች ፓነላቸውን ያገናኙት የነበረው ኤልቪዲኤስ በሚባል ሥርዓት ነው። በ2010 ማብቂያ ላይ ትልልቆቹ የቺፕ አምራቾች ትተውት ኢዲፒ ወደሚባለው እንደሚሻገሩ አስታወቁ። ሁለቱ ፓነሎች ከፊት ሲታዩ መንትያ ናቸው፤ ግን አይተካኩም። ብዙ ጊዜ የፊተኛው መሰኪያ 40፣ የኋለኛው 30 ፒን አለው፤ ልዩ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉ በዚህ ብቻ አትመኑ። አሮጌውን ፓነል ፈትታችሁ ከጀርባው የተለጠፈውን ሙሉ መለያ ቁጥር በስልክ አንሥታችሁ ላኩ። «ባለ15.6 ስክሪን ላክልኝ» ብሎ መደወል «ጫማ ላክልኝ» ብሎ ቁጥሩን አለመናገር ነው።

አሁን ደግሞ ኦሌድ የሚባሉት ስክሪኖች ከስልክ ወደ ላፕቶፕ እየተሻገሩ ነው። በእነርሱ ላይ የጀርባ መብራት የለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ያበራል። ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ፊደሉ ስል ነው። ብርሃኑን ዝቅ ስታደርጉ ግን ብዙዎቹ የሚያደርጉት ያንኑ ነው፤ ነጥቦቹን በፍጥነት ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። የዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ያላችሁ ካላችሁ ከንግግሩ በኋላ ወደ ፊት አምጡት፤ እርሳስ ይዤያለሁ።

 ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።